የተቀደደው የት ላይ ነው?

ርዕሱን አይታችሁ ስለ ልብስ ስፌት ልጽፍ የመጣሁ ከመሰላችሁ ብዙም አልተሳሳታችሁም፡፡ ነገሩ ስለ መቀደድ ነው፡፡ የሚቀደደው ግን ጨርቅ ሳይሆን ከልባችን ተነስቶ፣ ደረታችን ውስጥ እንደ ከዘራ ራስ ታጥፎ፣ በጀርባ በኩል እስከ ሆድ የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ ነው፡፡ ሐኪሞች አኦርታ ይሉታል፡፡ ልብ የምትረጨው ደም ወደ ጭንቅላትም ይሂድ ወደ እግር መጀመሪያ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው፡፡

እውነቱን ለመናገር ስለዚህ ቧንቧ ያወቅሁት ባለፈው ዓመት ነው፡፡ የባዮሎጂ መምህራችን ሃይስኩል እያለን ሳይነግሩን አልቀሩም፣ ግን ማን ያስታውሳል? ያስታወሰኝ አጎቴ ነው፡፡ ጋሼ ከሃያ ዓመት በላይ ከባድ መኪና የነዳ፣ የጅቡቲን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር የሚያውቅ ሰው ነው፡፡ ዕድሜው ሲገፋ አንድ አሮጌ አይሱዙ ገዝቶ በአዳማና በሻሸመኔ መካከል ይሠራ ነበር፡፡ ደም ግፊት እንዳለበት ከተነገረው ስድስት ዓመት ሆኖታል፡፡ ኪኒኑን የሚውጠው ግን "ሲያመኝ" እያለ ነው፡፡ ግፊት ደግሞ አያምም፡፡

አንድ ቀን ከሻሸመኔ ሲመለስ፣ መቂን እንዳለፈ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል እሱ ራሱ እንደሚለው "አዲስ አቡጀዲ በእጅ ሲተረተር" የመሰለ ሕመም መታው፡፡ መኪናውን ዳር አስይዞ ቆመ፡፡ ላብ አጠመቀው፡፡ ረዳቱ ነድቶ አዳማ አደረሰው፡፡

ሰፈር ውስጥ የተሰጠው ምርመራ ብዙ ነበር፡፡ ባለቤቱ "መስኮት ከፍተህ እየነዳህ ብርድ መታህ" አለችው፡፡ አንዲት ጎረቤታችን ምች ነው ብለው ዳማከሴ ይዘው መጡ፡፡ አንድ ክሊኒክ ደግሞ ጨጓራ ነው ብሎ፣ መርፌ ወግቶ፣ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት መለሰው፡፡ ሌሊቱን ሕመሙ ከጀርባ ወደ ሆድ እየወረደ ሲመጣ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ፡፡ እዚያ ተረኛ የነበረው ሐኪም ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው፡፡ መጀመሪያ የጠየቀው "የት ጋ ነው የሚያምህ?" ብሎ አይደለም፡፡ "አባቴ፣ ቀስ እያለ ነው የመጣው ወይስ በአንዴ?" አለው፡፡ ጋሼ "በአንዴ፡፡ መቂን እንዳለፍኩ" አለ፡፡ ልጁ ሁለቱንም ክንድ ለካ፡፡ የላይኛው ግፊት 210 ነበር፡፡ በዚያው ሌሊት ሪፈር ጻፈለት፡፡

ቃለ መጠይቅ በምንማርበት ክፍል ትክክለኛ ጥያቄ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ተነግሮናል፡፡ እኔ ግን የገባኝ ያን ሌሊት ነው፡፡ ይህ በሽታ ከጨጓራ፣ ከወገብ ሕመምና ከሃርት አታክ ከሚለይባቸው ምልክቶች ዋናው በአንድ ቅጽበት፣ ከመጀመሪያውም በሙሉ ጉልበቱ መምጣቱ ነው፡፡ ያንን የሚያወጣው ደግሞ ማሽን ሳይሆን ጥያቄ ነው፡፡

መሳሳቱ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፡፡ አሜሪካዊው የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይ ጆን ሪተር እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2003 ሥራ ላይ እንዳለ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ሃርት አታክ ነው ተብሎ ይታከም ነበር፡፡ የሞተው ግን አኦርታው ተቀዶ ነው፡፡ በዚህ መሳሳት ደግሞ ጣጣ አለው፡፡ ለሃርት አታክ የሚሰጡት ደም የሚያቀጥኑና የረጋ ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶች አኦርታው ለተቀደደ ሰው መርዝ ሊሆኑበት ይችላሉ፡፡

አሁን ወደ ስፌቱ ልምጣ፡፡ የአኦርታ ግድግዳ ሦስት ንብርብር ነው፡፡ ገበር ያለው ኮት አስቡ፡፡ የእጅጌው ገበር ከላይ በኩል ሲቀደድ እጃችሁን ስታስገቡ ምን ይሆናል? እጃችሁ በእጅጌው መውጣቱን ትቶ በገበሩና በጨርቁ መካከል ይገባል፣ በገፋችሁት ቁጥርም ስፌቱን እየተረተረ ይወርዳል፡፡ አኦርታ ሲቀደድም እንዲሁ ነው፡፡ የውስጠኛው ሽፋን ይቀደድና ደሙ በንብርብሮቹ መካከል የሐሰት መንገድ ያበጃል፡፡ ልብ በመታች ቁጥር ይገፋዋል፡፡ መንገዱ ወደ ኩላሊት፣ ወደ አንጀት፣ ወደ እግር የሚሄደውን ቅርንጫፍ ሊዘጋ ይችላል፡፡ የውጭው ጨርቅ ከተበሳ ደግሞ አለቀ ማለት ነው፡፡ የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1760 መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወድቆ የሞተው በዚህ ነው፡፡ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪሙ ፍራንክ ኒኮልስ በልቡ ዙሪያ የተጠራቀመውን ደምና በአኦርታው ላይ ያለውን ቅድ አግኝቶ ጽፎታል፡፡

ጋሼ በሌሊት በፈጣኑ መንገድ አዲስ አበባ ተወሰደ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ይህ መንገድ ባይኖር ኖሮ በአሮጌው መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተትን ስንት ሰዓት ይፈጅብን ነበር እያልኩ አሁንም አስባለሁ፡፡ ሲቲ ስካን ተነሳ፡፡ ውጤቱ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ነበር፡፡ ቢ፡፡

ይህ ፊደል ዕጣ ነው ማለት ይቻላል፡፡ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት አከፋፈል፣ ቅዱ ከልብ በሚነሳው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ከደረሰ ኤ ይባላል፡፡ ያን ክፍል ሳይነካ በጀርባ በኩል በሚወርደው ላይ ብቻ ከሆነ ቢ ነው፡፡ ኤ ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል፡፡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ካልታከሙት ውስጥ በየሰዓቱ ከመቶ 1 ወይም 2 ሰው ይሞታል ተብሎ ይገመታል፡፡ ደረት ተከፍቶ፣ ደሙ በማሽን እየዞረ፣ የተቀደደው ክፍል ወጥቶ በሰው ሠራሽ ቱቦ መተካት አለበት፡፡ ቢ ሲሆን ደግሞ፣ ሌላ ችግር ካላስከተለ፣ መጀመሪያ የሚሰጠው መድኃኒት ነው፡፡ በቃ፣ መድኃኒት፡፡

ጋሼ ዘጠኝ ቀን ተኛ፡፡ ሕመሙን የሚያስታግስ፣ የልቡን ምት ከ60 በታች የሚያወርድ፣ የላይኛውን ግፊት ወደ 120 የሚያመጣ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጠው፡፡ ከዚያ አቴኖሎል፣ አምሎዲፒንና ኤናላፕሪል ታዘዘለትና "ወደ ቤትዎ ይሂዱ" ተባለ፡፡

ጭቅጭቁ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው፡፡

በማግስቱ እሁድ ዘመድ ሁሉ አዳማ ቤቱ ተሰበሰበ፡፡ ቡና ተፈላ፡፡ አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ በስልክ ገባ፡፡ "ትልቁ ቧንቧው ተቀዶ ኪኒን ሰጥተው ላኩት? ይህማ ተስፋ ቆርጠው ነው!" አለ፡፡ ሁሉም ነገሩን በዚያው ያዘው፡፡ አይሱዙውም ቤቱም ይሸጥና ህንድ አገር ይሂድ፣ ቀዶ ጥገና ይደረግለት የሚል ሐሳብ ቀረበ፡፡ ጸበል ይቅደም ያሉም ነበሩ፡፡ የአጎቴ ሚስት ሁለት ልጆች ገና ትምህርት ላይ እንዳሉባት እያሰበች ዝም አለች፡፡ ታላቅ አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ ጋዜጠኛ ትሆኛለሽ እያልን የምናስተምርሽ ለምንድን ነው? የትኛው ሕክምና እንደሚሻል አጣሪና ንገሪን" አለኝ፡፡ አንድ ሳምንት ተሰጠኝ፡፡ እንደዚህ ያለ ቀነ ገደብ ከመምህሮቻችን እንኳ ተሰጥቶኝ አያውቅም፡፡

ያነበብኩትን ሁሉ እዚህ አልዘረግፈውም፡፡ ከሁሉ የገረመኝን ብቻ ልናገር፡፡

የቀዶ ጥገናው አባት የሚባለው የሂውስተኑ ሐኪም ማይክል ደቤኪ ነው፡፡ ልብስ መስፋት ከእናቱ የተማረ ሰው ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለደም ቧንቧ ምትክ የሚሆን ቱቦ ሲፈልግ ገበያ ሄዶ ናይለን ጠየቀ፡፡ ናይለን አልቋል ሲሉት ዳክሮን የሚባለውን ጨርቅ ገዛና በባለቤቱ የስፌት መኪና ሰፋው፡፡ ከዚያ ጨርቅ የመጣው ቱቦ እስከ ዛሬ በሰው ደረት ውስጥ ይገባል፡፡ የተቀደደ አኦርታን እንዴት እንዳከመ እ.ኤ.አ. በ1955 ከባልደረቦቹ ጋር አሳተመ፡፡

ታሪኩ በዚህ አያበቃም፡፡ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2005 ደቤኪ በ97 ዓመቱ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ያ ሕመም መታው፡፡ ራሱ ያከመውን በሽታ ራሱ አወቀው፡፡ እናም ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ቀዶ ጥገና አልፈልግም ብሎ ቤቱ ቆየ፡፡ ሁኔታው ሲከፋና ራሱን ሲስት፣ ያድርግ አያድርግ በሚል ሐኪሞቹ ከተከራከሩ በኋላ፣ በየካቲት 2006 እሱ ራሱ ባበጀው መንገድ ተቀደደና ተሰፋ፡፡ ለወራት ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 በ99 ዓመቱ እስኪሞት ድረስም ተመልሶ ሠርቷል፡፡ የሱ ቅድ ከልብ በሚነሳው ክፍል ላይ ነበር፡፡ ጋሼ ይህን ስነግረው "የመኪናው ፈብራኪ ራሱ ጋራዥ መግባት ፈርቶ ነበር በይኛ!" ብሎ ሳቀ፡፡

የመድኃኒቱ ታሪክ ደግሞ የመጣው ከዶሮ ዘመድ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አሜሪካ ውስጥ በእርባታ ያሉ ቱርኪዎች አኦርታቸው እየፈነዳ ይሞቱ ነበር፡፡ ግፊት የሚቀንሰው ሬዘርፒን ከመኖ ጋር ሲሰጣቸው ሞቱ ቀነሰ፡፡ ማይረን ዊት የተባለ የፍሎሪዳ ሐኪም ይህን ልብ አለ፡፡ ቧንቧውን የሚተረትረው የግፊቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ልብ በእያንዳንዱ ምት የምትመታበት ኃይል ነው፤ ሁለቱን ካለዘብነው ቅዱ ላይወርድ ይችላል አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1965 ያለ ቀዶ ጥገና ያከማቸውን ሰዎች ውጤት አሳተመ፡፡ የሚገርመው እሱ ራሱ የቀዶ ሕክምና ሐኪም መሆኑ ነው፡፡ ዛሬ ጋሼ የሚውጠው አቴኖሎል የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው፡፡

ቁጥሩ የመጣው በኋላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ ዓለም አቀፍ መዝገብ አለ፡፡ በ2000 የ464 ሕመምተኞችን ውጤት አወጣ፡፡ ኤ ሆነው ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ከመቶ 26 ነበሩ፡፡ ያልተደረገላቸው 58፡፡ ቢ ሲሆን ተገልብጦ እናገኘዋለን፡፡ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ከመቶ 11 ገደማ ሲሞቱ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 31 ሞቱ፡፡ መጀመሪያ ሳየው ዘልዬ ተነሳሁ፡፡ ይኸው መልሱ ብዬ! ከዚያ ቀጥዬ ሳነብ ገባኝ፡፡ ቢ ሆኖ ቢላ የሚደርስበት ሰው ቀድሞውኑ የባሰበት፣ አንጀቱ ወይም እግሩ ደም ያጣ፣ ቧንቧው ሊፈነዳ የደረሰ ነው፡፡ ስለዚህ ቢላውን ብቻ መውቀስ አይቻልም፡፡ ቁጥርን ከነምክንያቱ ካልያዙት እንዴት እንደሚዋሽ በስታቲስቲክስ ክፍል አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከተማርነው ይልቅ ይህች ሠንጠረዥ አስተማረችኝ፡፡

ሦስተኛም መንገድ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት የሐኪሞች ቡድኖች ደረት ሳይከፈት በብሽሽት በኩል የሚገባ፣ በጨርቅ የተሸፈነ የሽቦ ቱቦ፣ ስቴንት፣ ቅዱን ከውስጥ እንደሚደፍን አሳዩ፡፡ ቢ ሆኖ ለተወሳሰበበት ሰው ዛሬ የሚመረጠው ይኸው ነው፡፡ ላልተወሳሰበበትስ? እንደ ጋሼ ላለው? አውሮፓ ውስጥ 140 ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍለው አዩ፡፡ ግማሾቹ ስቴንት ከመድኃኒት ጋር፣ ግማሾቹ መድኃኒት ብቻ፡፡ በሁለት ዓመት ውስጥ በሞት ልዩነት አልታየም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአምስት ዓመት ውጤት ግን ሌላ ነገር ተናገረ፡፡ ከአኦርታ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሞቱት ስቴንት ካላቸው ከመቶ 7 ገደማ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 19 ገደማ ሆኑ፡፡ እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለትም አልችልም፡፡ ስቴንት ወደፊት ሊጠቅም ይችላል፡፡ "ኪኒን የሰጡት ተስፋ ቆርጠው ነው" ያለው ግን ውሸት ነው፡፡

እሁድ ደረሰ፡፡ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ፡፡ ስለ ቱርኪውም ስለ ገበሩም ተናገርኩ፡፡ ብዙው ሰው የኔን ወሬ ትቶ ጋሼን ነበር የሚያየው፡፡ ጋሼ ትንሽ አሰበና "ጎማ ነው በይኛ" አለ፡፡ "ጎማ ውስጡ ተላቆ ሲያብጥ አይተሽ የለ? ቅያሪ ካለህ ትቀይራለህ፡፡ ቅያሪ ከሌለህ ደግሞ ነፋስ ትቀንሳለህ፣ ጭነት ታወርዳለህ፣ ቀስ ብለህ ትነዳለህ፣ በየከተማው ወርደህ ታየዋለህ፡፡" ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አላገኘሁም፡፡ ለስልኩም ሰው በዚሁ ቋንቋ ተነገረው፡፡

ቤቱ አልተሸጠም፡፡ ጸበሉም አልቀረም፤ ጋሼ ኪኒኑን በጸበል ነው የሚውጠው፡፡

አንድ ነገር ለእኛ ለዚህ ትምህርት ክፍል ሰዎች ልበል፡፡ "ሐኪሞች ውጭ አገር ሄዶ እንዲታከም ወስነዋል፣ ይህን ያህል ሺህ ዶላር ያስፈልጋል" የሚል የእርዳታ ጥሪ በሬዲዮም በማኅበራዊ ሚዲያም በየሳምንቱ እንሰማለን፡፡ ጥሪው ስህተት ነው እያልኩ አይደለም፤ ሰው ይተርፍበታል፡፡ ግን በሽታው ምን ዓይነት ነው፣ አማራጩ ምንድን ነው፣ እዚህ የሚሠራው የቱ ነው ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ እስካሁን አላጋጠመኝም፡፡ ለዚህኛው በሽታ ደግሞ ጥያቄው ሕይወትም ነው፣ ቤትም ነው፡፡ ኤ ለሆነበት ሰው የአውሮፕላን ትኬት እስኪቆረጥ የሚጠብቅ ሰዓት የለም፡፡ ቢ ሆኖ ላልተወሳሰበበት ሰው ደግሞ ቤት ሸጦ የሚገዛው ነገር መጀመሪያ ላይ አያስፈልገውም፡፡

ኤ ቢሆንስ ኖሮ የሚለው ግን አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል፡፡ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከፈት በዶክተር በላይ አበጋዝ የተጀመረው የሕፃናት ልብ ሕክምና ድርጅት የብዙ ዓመት ልፋት ፍሬ ነበር፡፡ ወረፋ የሚጠብቁት ሕፃናትና ወጣቶች፣ ብዙዎቹ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የልባቸው በር የተበላሸ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፡፡ የልብ ቀዶ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፡፡ አኦርታው በሌሊት መቂ ላይ የተቀደደ ሾፌር በዚያ ወረፋ ውስጥ የት ጋ ይቆማል? መልሱን አላገኘሁለትም፤ ለታላቅ አጎቴም አላነሳሁበትም፡፡

ስለዚህ የሕክምናው ንጽጽር በኛ ከተሞች፣ በሞጆም በባቱም በአርሲ ነገሌም፣ የሚጀምረው ከሲቲ ስካኑ በፊት ነው ባይ ነኝ፡፡ አኦርታ ለሚቀደድባቸው ሰዎች ትልቁ ምክንያት ያልታከመ ደም ግፊት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 16 ገደማ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር፡፡ ይህን ስጽፍ የማስበው ጋሼ ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞረውን፣ ግማሹ ያልተዋጠ የኪኒን ካርቶን ነው፡፡

አሁን የሚያጣላን ጫት ነው፡፡ ጫት የልብ ምት ያፋጥናል፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል፤ አቴኖሎሉ ሊያወርደው የሚደክመውን እሱ መልሶ ይሰቅለዋል ማለት ነው፡፡ ጋሼ "ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሌሊት ያሻገረኝን ጓደኛ በአንድ ቀን ክዳ ትይኛለሽ?" ይለኛል፡፡ መጀመሪያ አርብ አርብ ብቻ አለ፡፡ ከዚያ እሱንም ተወው፣ ወይም ተውኩ ይላል፡፡ ባለቤቱ የግፊት መለኪያ ገዝታ ጠዋትና ማታ ትለካዋለች፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ቀና ብላ ታየዋለች፣ እሱም ወደ መስኮቱ ያያል፡፡ አይሱዙውን አሁን የሚነዳው የድሮ ረዳቱ ነው፡፡ ጋሼ ጭነት አያነሳም፤ ሲጭኑ ግን ቆሞ "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ማለቱን ማንም አላስቆመውም፡፡

የቧንቧው ስፋት በየጊዜው በሲቲ ስካን ይለካል፡፡ በመጀመሪያው 38 ሚሊሜትር ነበር፡፡ ከስድስት ወር በኋላ 39፡፡ ሐኪሙ አንድ ሚሊሜትር የመለኪያ ልዩነትም ሊሆን ይችላል አለን፤ ወደ 55 ከተጠጋ ወይም በፍጥነት ከሰፋ ስለ ስቴንትና ስለ ቀዶ ጥገና እንነጋገራለን አለ፡፡ የሚቀጥለው ጥቅምት ላይ ነው፡፡ ለእሱ የሚሆነው ገንዘብ በአጎቴ ሚስት እቁብ ተይዟል፤ ዕጣው የሚወጣላት መስከረም መጨረሻ ነው፡፡